የአበጋዝ ላም

የሚስቴ ወንድም አበጋዝ የሰደበኝ በ2094 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት፣ አሥራ አራት ሰው ፊት ነው። ፍራሽ ውስጥ ሰፍቶ በኬላ ያሳለፈውን፣ በከብት ወረርሽኝ ምክንያት የተከለከለ ሥጋ ሴቶቹ ሲያጥቡ አይቼ፣ “እጣቢው ለከብት እንዳይሰጥ” ብል፣ “ከአራተኛ ክፍል የወደቀው ሐኪም!” ብሎ አሳቀብኝ።

በሳምንቱ አስጠራኝ። ሚስቱ እጣቢውን ከአተላ ደባልቃ ለላሟ ሰጥታት ኖሯል። ላሟ ለሃጯ ይዝረከረካል፤ ምላሷ ቆስሏል። በአገሩ የቀሩት ዘጠኝ ላሞች ናቸው፣ አንዷ የኔ ናት፤ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ በሳምንት አንድ ሲኒ ወተት የሚደርሰው ከእነሱ ነው። አንዷ ከታመመች በሕጉ ሁሉም ተገድለው ይቀበራሉ።

“ወንድሜ፣ አንተ ታውቅ የለ? እሾህ ወግቷት ነው በለኝ” አለ አበጋዝ።

እጄን በአመድ አሸሁ። የኔዋን ለመጨረሻ ጊዜ ላልባት ሄድኩ።