አርባ አንዱ ሰርተፍኬት

ኢንጂነር ሽመክት አፈርን በጫማው ረገጥ አድርጎ ብቻ ጠባዩን የሚናገር ሰው ነበር፤ ራሱ እንደሚለው። አዲሱ ሕግ ግን መሠረት አጥንቶ የፈረመ መሐንዲስ ማዕረጉ እስኪያድግ ድረስ በዚያው ሕንጻ ምድር ወለል ከነሚስቱ እንዲኖር ያዛል። ሽመክት የፈረመው መረሬ አፈር ላይ ነበር።

ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ያብጥና ወለሉ ወደ ማድቤቱ ያዘነብላል። ሽመክትም አራት አምስት ሥልጠና ወስዶ ሰርተፍኬቶቹን በግርጌ በኩል ከአልጋው እግር ሥር ይጨምራል። ወለሉ ግን ሁልጊዜ በእጥፍ ይቀድመው ነበር። ሚስቱ አትጠገብ ለዘጠኝ ዓመት የተመኘችው ቀጥ ብሎ መተኛትን ብቻ ነው።

በአርባ አንደኛው ሰርተፍኬት ማዕረጉ አደገ።

"ከአፍሪካ አንደኛ ነኝ" አላት።

"አልጋው ምስክር ነው" አለችው።

አዲሱ ቤታቸው ወለሉ ለጥ ያለ ሜዳ ነበር። አትጠገብ ከምሳ በኋላ ጋደም አለችና የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ ቀረች።

"ሽሜ፣ ልወድቅ ነው።"

"ሜዳ ላይ ወዴት ይወደቃል?"

"እንጃ። እስቲ ሰርተፍኬቶችህን በራስጌ በኩል አስገባልኝ።"

ሽመክት ግድግዳ ላይ ሊሰቅላቸው የደረደራቸውን አርባ አንዱንም ሰብስቦ አስገባ። ሚስቱ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እሱም አልጋውን በውሃ ልክ ለካው፤ ከድሮው ዝንባሌ የፀጉር ያህል አይለይም። እንዲህ አድርጎ የሚያጣምም መሐንዲስ በአገሩ አልነበረም።