መርዝ የማያውቀው ሜዳ

«ኩሬው ዛሬ ምነው ዝም አለ?» አለ ታላቅ ወንድሜ...

«እንቁራሪቶቹም ጨዋታህ ሰልችቷቸው ነዋ ጋሼ!» ብዬ ሳቅኩበት።

የጎልፍ ሜዳ ላይ ነን፣ በማለዳ። ሣሩ አረንጓዴ... ዓይን ይወጋል! ግን አንድ ወፍ የለም።

የሣሩ ኃላፊ የጋሼ ልጅ ነው። በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አቁሟል፦ «እዚህ ሜዳ መርዝ አይረጭም»። አረሙን በእጅ ያስነቅላል፣ ማዳበሪያው የበሰበሰ ቅጠል ነው። ጋሼ እኮ በዚህ ልጅ የሚኮራው ኩራት! ላገኘው ሁሉ ነው የሚያወራው።

ታዲያ ጋሼ አንድ አመል አለው... ኳሷን የሚያስቀምጥባትን ትንሽ እንጨት ከመሬት ነቅሎ ጥርሱ መሃል ይሰካታል።

«ኧረ ቆሻሻ ነው!» ስለው፣

«ልጄ ያሳደገው ሣር ነው፣ ምን ይሆናል?» ይለኛል።

ከሰዓት በኋላ ሆዱን ያዘው።

ላብ አጠመቀው... ለሃጩ ተዝረከረከ... እያዋከብን ክሊኒክ አደረስነው። ልጁም እየሮጠ መጣ።

ዶክተሯ «የተባይ ወይ የአረም መርዝ ነክቶ ይሆን?» አለች።

«ኧረ በፍጹም!» አለ ልጁ።

ዓይኔን ግን አላየም...

ጋሼ እየባሰበት ሄደ። ዶክተሯ ግራ ገባት።

የኔ አፍ መቼም አያርፍ! ጭንቀቱን ላቅልል ብዬ ያቺን እንጨት ከጋሼ ኪስ አወጣሁና ወደ ጥርሴ... «እስቲ እዩኝ ሻምፒዮኗን!»

ልጁ ዘሎ ከእጄ ላይ አስፈነጠራት።

«አክስቴ ተዪ! መርዝ አለው!!»

የኩሬው ዝምታ ያኔ ገባኝ...

ለካ ውድድር ሲደርስ ሣሩ ቢበላሽበት በድብቅ ረጭቶታል! ሜዳውን ቢዘጋ ሰው ይነቃበታል... ስለዚህ ክፍት ተወው። አባቱ ያን ቀን ይመጣል ብሎ አላሰበም።

ዶክተሯ የመርዙን ስም ተቀብላ ማርከሻውን ልታመጣ በረረች።

ወንድሜ ተረፈልኝ! እልል በሉልኝ!

ዓይኑን ሲገልጥ ልጁ እግሩ ስር ተደፋ። «አባዬ፣ እንደምትመጣ ሳላውቅ ነው... ይቅር በለኝ።»

ጋሼ ቀስ ብሎ አየው።

«ስትረጭስ አላወቅክም... "በፍጹም" ስትል ግን አጠገቤ ነበርክ። ሰምቼሃለሁ ልጄ።»

ሰሌዳውን ልጁ ራሱ ነቀለው። እንቁራሪቶቹ ግን እስከዛሬ አልተመለሱም...

ወገኖቼ፣ ለስማችን ብለን የደበቅነው ነገር ቀድሞ የሚጎዳው አምኖን ዓይኑን የጨፈነውን ሰው ነው።

እናንተ ጋሼን ብትሆኑ ለየትኛው ይቅር ትሉታላችሁ... ለመርዙ ወይስ ለዚያች «በፍጹም»? እስቲ ከልባችሁ ጻፉልኝ!