እናቱስ?

«ማነው መጽሐፌን እንዲህ ያጨማለቀው?»

ልጅቱ ሻንጣዋን እንደተከፈተ ትታ መጽሐፉን ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ነገ ጠዋት የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ትገባለች። ከልብሷ ሁሉ አስቀድማ ያነሳችው ይህንኑ የአንድ አንጋፋ አብራሪ የትዝታ መጽሐፍ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከትራስጌዋ ተለይቶ አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አለች እናቷ፣ የያዘችውን ሹራብ እያጠፈች።

«አንቺ? እማዬ፣ አንቺ ደግሞ መቼ አንብበሽ?»

«ማታ ማታ ፊደል የምማረው ለቁጥር ማሟያ መሰለሽ?»

በገጹ ዳር፣ ወዲያና ወዲህ ያዘመሙ የእርሳስ ፊደላት ተጽፈዋል፦ እናቱስ? ልጅቱ ገለጠች። እዚያም፦ እናቱስ? ጥቂት ገጾች አለፈች። አሁንም እናቱስ?

«ምን ማለት ነው ይሄ?»

እናት ሹራቡን አልጋው ላይ ወረወረችው። ልጇ ከቤት በወጣች ቁጥር ጣቷን በየመስመሩ እየጎተተች ያነበበችውን ሁሉ ለማንም ሳትተነፍስ ከርማለች።

«ያንን አንብቢው። ጓደኛው የሞተበትን። ጮክ ብለሽ!»

ልጅቱ አነበበች። «‹በማለዳ በረረ፤ አልተመለሰም። እኛም ሻያችንን ጠጥተን ወደየአውሮፕላናችን ሄድን።›»

«በቃ! አለቀ! ከዚያ በኋላ ስለ ምንድነው የሚያወራው?»

«…ስለ ደመና።»

«ሁለት ገጽ ሙሉ! ለሰው ልጅ አንዲት መስመር፣ ለደመና ሁለት ገጽ! ጥጥ መሰለ፣ ወርቅ መሰለ… የማነው ቀልማዳ! ያ ልጅ ከመሬት በቀለ? በር በሩን የምታይለት የለችም?»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ ነው። ፍርሃቱን አሸንፎ…»

«ምኑን አሸነፈው! ለሌላ ሰው አሸክሞት ሄደ እንጂ!»

ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። «ገና አልጨረስሽውም። መጨረሻው ላይ እኮ…»

«መጨረሻውንማ አውቀዋለሁ። እሱ ተመልሷል። ባይመለስ ኖሮ ማን ይጽፈው ነበር?»

ከጎረቤት ቤት የቴሌቪዥን ሳቅ በግድግዳው አልፎ መጣ። ልጅቱ ሳቁ እስኪያበቃ ጠበቀች።

«አትሂጂ ነው የምትይኝ?»

«ማን አለሽ? ሂጂ! እዚህ አስቀርቼሽ ስትቆዝሚ ልይ? ሂጂ፣ ግን ፍሪልኝ! ሰማዩ ሲያምርሽ ፍሪ። ሞተሩ ደህና ነው ሲሉሽ ፍሪ፣ ደግመሽ እዪው። እንደሱ ደፋር ነኝ እንዳትዪኝ ብቻ!» ድምጿ ሊከዳት ሲል የባሰ ተናደደች። «ጀግና ነኝ ባይ ሁሉ!»

ልጅቱ ከጠረጴዛው ላይ ላጲስ አነሳችና ከመጨረሻው የእርሳስ ጽሑፍ ጀምራ ገጾቹን ወደ ኋላ ትገልጥ ጀመር። አንዱንም ግን አላጠፋችም። መጀመሪያው ላይ ልትደርስ ስትል እናት ብድግ አለች።

«ተይ፣ እሱን እንኳ ተይው።»

እጇን ዘረጋች እንጂ አልነጠቀቻትም።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ገና ማንም አልሞተም። አብራሪው ራሱ ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው፤ እየሳቀ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውሮፕላን ይወጣል። እዚህ ላይ ፊደላቱ ከሁሉም ይተልቃሉ። የጥያቄ ምልክቱ ነጥብ ላይ ሲደርስ እርሳሱ ወረቀቱን በስቶት አልፏል።

ልጅቱ ላጲሱን አስቀመጠች። ጣቷን በቀዳዳው ላይ አሳረፈች፤ አላነሳችውም።