ከአልጋው በኩል ያለው ግድግዳ

አማቴ እማማ የኔአለም ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እኛ ቤት አልለመድ ብሏቸው፣ በሩን በዳበሳ ሲፈልጉ ያድሩ ነበር። ለማያይ ሰው ቀለም ምን ያደርጋል ብዬ ጓዳቸውን ለእጅና ለአፍንጫ አሰናዳሁት። ከእግራቸው ሥር የበግ አጎዛ አነጠፍኩ፤ ከራስጌያቸው ጦስኝ አንጠለጠልኩ፤ ግድግዳውን ብቻዬን በጭቃ ለቅልቄ በመዳፌ አለሰለስኩት።

ደህና ተኝተው አደሩ። ጠዋት ግድግዳውን እየዳበሱ ሳቁ።

«ይሄ ያንቺ እጅ ነው፣ ይሻክራል። ከአልጋዬ በኩል ያለው ግን ልስልስ ነው። ማን አገዘሽ?»

«ማንም፣ እማማ።»

«ተይ እንጂ! ምስጋናው እንዳይካፈልብሽ ነው?»

የባሌን እህት አልታዬን ጠረጠርኩ። እኔ በሠራሁት ላይ እጇን ካላስገባች አይሆንላትም።

«ከአቀስታ የገባሁት አሁን ነው» አለችኝ። «እዚያው ከነጭቃሽ!»

እልህ ያዘኝ። እማማን ከእሷ ጋር ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩና ጓዳውን ከውስጥ ቀረቀርኩ። በአልጋው በኩል ያለውን ፍቄ፣ ሆን ብዬ አሻክሬ እንደገና ለቀለቅሁት። ሁለቱ ደጅ ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

መዳፌን እርጥቡ ጭቃ ላይ አሳርፌ «አሁን የኔ ነው» አልኩ።

እጄን ሳላነሳ፣ ከጎኑ ያለው ጭቃ በአምስት ጣት ቀስ ብሎ ተዳበሰ።