እግሩ ይለካ

ትጊ የወለደችው በተዳረች በሰባተኛው ወር ነው። ልጁ ግን ጉንጩ የሞላ፣ አገጩ የተደራረበ፣ ሲያለቅስ ዲላ መናኸሪያ ድረስ የሚሰማ ጎረምሳ ነበር። ባሏ ሙሌ ባገኘው ባጃጅ ሁሉ ላይ ተንጠልጥሎ የምሥራች ሲናገር አደረ። ትጊም በደስታ ልታብድ ምንም አልቀራት፤ ችግሩ የሙሌ አክስት እትዬ አሰገደች ጤና ጣቢያው ውስጥ አልጋዋ ጥግ ተቀምጠው ጣታቸውን እያጠፉ ወር መቁጠራቸው ነው።

እትዬ አሰገደች የቤተሰቡ ዳኛ ናቸው። ልጁ ከሠርጉ የቀደመ ከሆነ ትጊ ወደ ጪጩ፣ ወደ አባቷ ቤት እንደምትመለስ ቁርጡን ተናግረዋል። እሳቸው ያሉትን ሙሌ ቀርቶ ሽማግሌም አይመልሰው። ሙሌና ትጊ ደግሞ የሠርጉን ቀን ለመጠበቅ ትዕግሥት እንዳልነበራቸው ልባቸው ያውቀዋል።

ትጊ ከሁሉም በላይ የምትፈራው ግን አማቷን ወይዘሮ እታገኝን ነበር። ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሰው ወገብ ከሩቅ አይተው ልኩን ይናገራሉ። የሠርጓን ቀሚስ ሲሰፉላት ወገቧን ለክተው፣ አንዴ ቀና ብለው አይተዋት፣ ምንም ሳይተነፍሱ በጎኑ ጨርቅ ጨመሩበት። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያስበረግጋታል።

አዋላጇ ሳዕዳ የእርግዝናው ጊዜ ባልታወቀ ጊዜ የሕፃኑ የእግር ርዝመት እንደሚጠቁም ትናንት አስረድታቸው ነበር። አጭር ከሆነ ያለጊዜው የመጣ ነው፤ ረዘም ካለ ወሩን የጨረሰ። ወይዘሮ እታገኝ ይህን ሰምተው ወዲያው ወደ ቤት ሄዱ። ሙሌ ለትጊ እንደነገራት፣ ከማለዳ ጀምሮ የስፌት መኪናቸውን ሲያንኳኩ ነበር፤ ለልጁ ቀሚስ ሳይሰፉለት አልቀሩም።

ሲመጡ ግን የያዙት ገንፎ ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉና፣

«እግሩ ይለካና አፍ ይዘጋ» አሉ።

ትጊ ክው አለች። በቃ፣ ጪጩ ገባሁ አለች በልቧ።

ሳዕዳ ማስመሪያዋን ብትፈልግ አጣችው። አሁን ወንበሩ ላይ አስቀምጣው ነበር። ከትራሱ ሥር፣ ከአልጋው ሥር፣ ከእትዬ አሰገደች ነጠላ ሥር ሳይቀር ተፈለገ። ወይዘሮ እታገኝ ጉልበታቸውን እንዳመማቸው ተናግረው ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። ይልቅ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን የስፌት ሜትር አወለቁ። ተረከዙን ራሳቸው በዚያ ሰፊ አውራ ጣታቸው ይዘው ሜትሩን ዘረጉ፤ ሳዕዳ ከጣቱ ጫፍ ላይ አነበበች።

«ስድስት» አለች። ደግማ አየች። «ስድስት ሴንቲ ነው። ይሄማ የሰባት ወር ነው። ጉንጩ ግን…»

«በእኛ ቤት ቀድሞ የሚደርሰው ጉንጭ ነው» አሉ ወይዘሮ እታገኝ፣ ፈርጠም ብለው።

እትዬ አሰገደች አለቀሱ። የትጊን ግንባር ስመው ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያ እልልታቸውን ሲያቀልጡት የማያውቋቸው አራሶች ሁሉ ተቀበሏቸው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ሙቀት ይፈልጋል ተብሎ ሙሌ ልጁን ደረቱ ላይ ታጥቆ ወጣ። በዚያ ሙቀት ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ልጁ ሆዱን በእርግጫ እያለው፣ ባጃጅ ውስጥ እስክስታ ሲወርድ ትጊ በሳቅ ፈረሰች። የልጇን እግር ያሳጠረችላት ማርያም ናት፤ ሌላ ማን ይሆናል?

ቤት ሲገቡ ለሽንት ጨርቅ የሚሆን አቡጀዲ ልትቆርጥ ከስፌት መኪናው ላይ ሜትሩን አነሳች። ጫፉ አካባቢ ከስፌት የተረፈ ነጭ ክር ተንጠልጥሎበታል።

«ያንን ተይው ልጄ» አሉ ወይዘሮ እታገኝ ከጓዳ። «አዲሱ መሳቢያው ውስጥ አለልሽ።»

ትጊ ግን ዘርግታው፣ በጣቷ ቁጥሩን መከተል ጀምራ ነበር።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት።