የሺመቤት መጨቃጨቅ ስታቆም

የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ስልሳ ዓመት የሞላውን ሰው ሁሉ ይመረምራል። የምርመራው መሣሪያ የመርሳት በሽታን ከመጀመሩ አሥር ዓመት ቀድሞ ያውቀዋል። እኔንም ባለፈው ክረምት ሲስተሯ አስቀምጣ "ይመጣብዎታል" አለችኝ። እስካሁን ግን አንድም የረሳሁት ነገር የለም።

የተለወጠችው ባለቤቴ የሺመቤት ናት። እኛ ዕድሜ ልካችንን በወጡ ጨውም በሬዲዮው ዜናም ስንጨቃጨቅ የኖርን ሰዎች ነን። "አንተ ሰውዬ፣ የማታውቀውን አታውራ" ትለኝ ነበር። ከምርመራው ወዲህ ምንም ብናገር መልሷ "እሺ የኔ ጌታ" ብቻ ሆነ።

ዛሬ ምሳ ላይ አላስችል አለኝ። እንደ ድሮው እንድትቆጣኝ ብዬ ሆን ብዬ ዋሸሁ።

"ደሴ የደገስነው ሠርግ እንዴት ያለ ነበር" አልኳት። የተጋባነው ወልድያ፣ አባቷ ግቢ ውስጥ ነው።

የጠቀለለችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አዎ፣ ደሴ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

ደነገጥኩ። "ኧረ የሺ፣ እንድትቆጪኝ ብዬ ነው እንጂ ወልድያ መሆኑ መቼ ጠፋኝ?"

"እሺ የኔ ጌታ" አለችኝ። ከዚያ በፊቴ ያለውን እንጀራ ለአፍ እንዲመች አድርጋ በትንሽ በትንሹ ትቆራርስልኝ ጀመር።