አልገጥም ያለው ኩለር

"በቃ በሽቦ እሰሪውና ስጪኝ!"

ጥልፍ ሠሪዋ ትዕግሥቷ ተሟጧል...

ኮምፒውተሯ ጎኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ኩለር ስለተሰበረ፣ በከፈተችው ቁጥር ይግልና ድርግም ይላል።

የጥልፍ ማሽኗ የሚታዘዘው ደግሞ በዚህ ኮምፒውተር ብቻ ነው። የሙሽራዋ ቀሚስ ገና በግማሽ ቀርቷል...

ሠርጉ ነገ ነው!

ኮምፒውተር ጠጋኟ ግን ፍንክች አላለችም።

"እዪው እህቴ... የአዲሱ ኩለር እግርና የቦርዱ ቀዳዳ አይገናኙም። በሽቦ ባስረው ዛሬ ይሠራል፤ ነገ ላልቶ ፕሮሰሰሩን ያቃጥልብሻል። እንዲህ ያለ ሥራ ከእኔ እጅ አይወጣም!"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"ሁለቱን የሚያገናኝ መያዣ ፍሬም አለ። እሱ ይገኝ እንጂ የቀረውን ለኔ ተዪው።"

ጠጋኟ ስልኳን አንስታ ደወለች... የለም። ሌላ ጋ ደወለች... እዚያም የለም።

የቀረው ከመንገዱ ማዶ ያለው ጠጋኝ ብቻ ነው።

የገዛ ታላቅ ወንድሟ!

ድሮ አብረው ነበር የሚሠሩት። በአንድ ደንበኛ ምክንያት ተጣልተው ሱቅ ከለዩ ወዲህ ግን፣ በር ለበር እየተያዩ ሰላም እንኳ አይባባሉም።

"ማዶ ሂጂና ጠይቂው" አለቻት። "ማን እንደላከሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ!"

ሴትዮዋ ብዙም ሳትቆይ ፍሬሙን ይዛ እየሮጠች መጣች።

"ትንሽ ጠብቂኝ ብሎ ወደ ውስጥ ገባና አመጣልኝ። ክፈይ እንኳ አላለኝም! ምን ዓይነት ሰው ነው በእናትሽ?"

ጠጋኟ ወደ ሥራዋ ዞረች። ፍሬሙን ገጠመች፣ ኩለሩን አስቀመጠች፣ ብሎኖቹን ተራ በተራ አጠበቀች...

ልክክ አለ!

የኩለሩ ፋን ዞረ። ኮምፒውተሩም ሳይጠፋ ቆየ። ሴትዮዋ አገላብጣ ሳመቻትና ኮምፒውተሯን ታቅፋ በረረች።

ጠጋኟን ግን አንድ ነገር ከነከናት...

ፍሬሙን ስትቀበል ሞቅ ያለ ነበር። መደርደሪያ ላይ የከረመ ዕቃ ደግሞ አይሞቅም!

መንገዱን ተሻገረች።

ወንድሟ የሱቁን ኮምፒውተር ከፍቶ አስቀምጦታል። ኩለሩ ተነቅሎ ጎን ላይ ተቀምጧል...

"የራስህን ነው እንዴ የፈታኸው?!"

"አንቺ ልከሻት የለም ልበላት? ሌላ ከየት ላምጣ?"

"እኔ እንደላክኋት በምን አወቅክ?"

ሳቀ።

"በሽቦ አስሮ መገላገል እያለ፣ ለአንድ ፍሬም ሰው የሚያንከራትት ካንቺ ሌላ ማን አለ?"

እሷም ሳቀች... ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ፈጥና ወጣች። ስትመለስ የራሷን ሱቅ ኮምፒውተር ተሸክማለች።

"ያንተ እስኪገጣጠም በዚህ ሥራ።"

"አንቺስ?"

ወንበር ስባ አጠገቡ ቁጭ አለች።

"እኔማ እዚሁ ነኝ።"

ወዳጆቼ... ያኮረፈን ሰው ሁሉ የጠላን ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን መንገዱን ቀድሞ የሚሻገር ሰው ጠፍቶ ነው!

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ወንድምና እህት ሲኮራረፉ ቀድሞ መሄድ ያለበት ማን ነው? ታላቁ ወይስ ታናሿ? ኮሜንት ላይ እንከራከር 👇